የተለሰነው ዓይን

ሰው እጁን ለሙያው ይሰጣል፤ ሙያ ግን እጅን መልሶ አይሰጥም። ለሳኙ ዕድሜ ልኩን የሰው ግድግዳ ሲያለሰልስ ኖሮ በመጨረሻ የራሱን ጣት አለስልሶት አረፈ። ሲሚንቶ ጥርስ የለውም፣ ይበላል፤ ኖራ ምላስ የለውም፣ ይልሳል። ይህን ግን አዲሱን መታወቂያ ሊያወጣ እስከሄደበት ቀን ድረስ ልብ ብሎት አያውቅም ነበር።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ጣቱን መስታወቱ ላይ እንዲያስቀምጥ ነገረችው። አስቀመጠ። ማሽኑ ቀይ በራና እንደተረገጠ ድመት ጮኸ።

«ይጥረጉትና እንደገና ይሞክሩ፣ አባቴ።»

በሱሪው ጠርጎ ሞከረ። ቀይ። ሌላውን ጣት ሰጠ። ቀይ። አውራ ጣቱን፣ የግራ እጁን፣ ትንሿን ጣት ሳይቀር አስቀመጠላት። ማሽኑ እንዳኮረፈ ቀረ። ከኋላው ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ልጅቷ እጁን ይዛ እንደ ገበያ ዕቃ አገላብጣ አየችው።

«ምን ሆኖ ነው? በላጲስ አጠፉት እንዴ?»

ሰልፉ ሳቀ። ከሳቁት መካከል አብሮት የሚሠራ አንድ አናጢ ነበረና ወሬውን ከባለቤቱ ቀድሞ ሥራ ቦታ አደረሰው። በማግስቱ ለሳኙ ሲገባ ስሙ ልሙጥ ሆኖ ጠበቀው። «ልሙጥ፣ ውሃ ጨምርበት እንጂ።» «ልሙጥ ሌባ ቢሆን እኮ አይያዝም ነበር። ምን ያደርጋል፣ ለሌብነትም ወኔ ይጠይቃል።»

እሱም አብሮ ሳቀ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ሆድ ሲያለቅስ ይስቃል።

የእሱ ሆድ ደግሞ የገባበትን የማያወጣ ሆድ ነበር። ድንጋይ እየተሸከመ ያስተማረው ታናሽ ወንድሙ በሠርጉ ቀን ለአማቶቹ ሲያስተዋውቀው «ቤታችንን የለሰነልን ሰውዬ» ያለውን አልረሳም። በእስክሪብቶ ግድግዳውን ኳ ኳ አድርጎ «አፍርሰህ ድገመው» ያለውን መሐንዲስ፣ እስክሪብቶው ሰማያዊ እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳል። በሰፈሩ ጥግ፣ ወደ ዋናው መንገድ ከሚያወርደው ደረጃ ራስ ላይ አንድ አሮጌ መጋዘን አለ። በክፈፉ ሥር እንቁላል የመሰሉ ነጫጭ ጌጦች ተደርድረዋል። እነሱን በወጣትነቱ አንድ በአንድ በእጁ ያድቦለቦላቸው እሱ ነው። ሕንጻው ሲመረቅ ሹማምንቱ ፎቶ ተነሡ፤ እሱን ግን «አንተ፣ መሰላሉን ከዚያ አንሳ» አሉት። ቂም እንደ ጀሶ ነው። በጊዜ ካልደፉት እዚያው ባልዲው ውስጥ ይደርቅና ባልዲውን ይዞ ይቀራል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው መለከትን ያገኘው።

መለከት ድሮ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። አሁን የመኪና ጋራዥ ተከራይቶ የዘመን ፍጻሜን ያስተምራል። «መለከቱ ሊነፋ ነው» ከአፉ ስለማይጠፋ ቅጽል ስሙ በዚያው ጸና። ወለሉ ዛሬም የሞተር ዘይት ይሸታል፤ ሰው ግን ይሞላል። «መታወቂያ ነው ይሏችኋል» ይላል መለከት፣ «ለአገልግሎት ነው ይሏችኋል። መጀመሪያ ጣታችሁን ይወስዳሉ። ከዚያ ግንባራችሁን። መንገድ ላይ ያን የካሜራ ዓይን የሰቀሉት ለማን ይመስላችኋል? ለሌባ? ሌባማ ሰቃዩ ነው።»

ለሳኙ ብድግ ብሎ የደረሰበትን ተናገረ። እንደ ሰልፉ ይስቁብኛል ብሎ አንገቱን ሰብሮ ነበር። መለከት ግን ከመድረክ ወርዶ እጁን ያዘና ወደ ላይ አነሣለት።

«እዩት» አለ። «አውሬው ሊያነበው ያልቻለ እጅ ይሄ ነው። ይሄን ሰው ሰማይ ነው የደበቀው።»

ሰዉ አለቀሰ። አንዲት ሴት መጥታ ጣቶቹን ሳመቻቸው። ያን እጅ ደመወዝ ሲሰጡት እንኳ ሳይነኩት ከጠረጴዛ ላይ እንዲያነሣ ነበር የሚያደርጉት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ አባቶች። ለሳኙ ግን ጸሎቱም ቂሙም አንድ ላይ የሚስተናገድበት ቤት አገኘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልሙጥ ሲሉት አቤት ይላል።

*

አንድ ልጅ ነበረችው። ሚጣ ይሏታል። የመዝገብ ስም ነበራት እንጂ ቤት ውስጥ የጠራት የለም። ሚስቱ እሱን «የሚጣ አባት»፣ እሱ ሚስቱን «የሚጣ እናት» እያሉ ነው ዕድሜ የገፉት። ሚስቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ወለል ታጸዳለች፤ ሠራተኛው ሳይገባ ጨርሳ መውጣት ስላለባት በጠዋት ትነሣለች። ግፊት አለባት። መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ስትረሳም ትረሳዋለች።

ሚጣ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ቆየችና አንድ ቀን ራት ላይ ፊቷ በርቶ መጣች።

«አባዬ፣ ሥራ አገኘሁ።»

«ተመስገን። የት ነው?»

«መቆጣጠሪያ ክፍል። የከተማው ካሜራ የሚታይበት።»

ለሳኙ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምን ልታደርጊ?»

«ቁጭ ብዬ አያለሁ። መኪና ሲጋጭ፣ እሳት ሲነሣ፣ ሰው ሲወድቅ ካየሁ እደውላለሁ። በቃ።»

«ሁሉን የሚያይ አንድ ነው። ሌላው ሁሉን ልይ ብሎ የተነሣ ዕለት ማን እንደሆነ ታውቋል።»

«አባዬ ደግሞ፣ እኔ እኮ የማየው አደባባዩን ነው።»

እናቲቱ ነገሩን ለማብረድ ገባች። «የሚጣ አባት፣ አውሬውስ ቢሆን ምን ቆርጦት እሷን ይቀጥራል? ሳህን እንኳ አጥራ አታጥብም።»

ሚጣ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ልጅ እናቷ ስትቀልድ የምትስቀው ሳቅ ነው። የለሳኙ ጆሮ ግን የሰማው ሌላ ነው፤ የዚያን ሰልፍ ሳቅ፣ የአናጢውን ሳቅ፣ የአማቶቹን ሳቅ።

«ከነሳቅሽ ውጪልኝ» አለ።

«አባዬ…»

«ወይ እኔን፣ ወይ ዓይኑን። አንዱን ያዢ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። አባቷ ተመለሽ እንዲላት ነበር የቆመችው። ለሳኙም መቆሟን እያየ ነበር። ይቅርታ ትጠይቀኝ ብሎ ጠበቀ። ሁለቱም እየተጠባበቁ በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱን «አንቺ» ብቻ ይላት ጀመር። እሷ ግን «የሚጣ አባት» ማለቷን አልተወችም። በጠራችው ቁጥር እሾህ ይሆንበታል፤ ተይ እንዳይላት ምን ብሎ ይላታል?

ብዙም ሳይቆይ ጓዳ ተደብቃ በስልክ ስታወራ ደረሰባት። ስልኩን ከእጇ ወሰደ። አልሰበረውም። የጓዳው ግድግዳ ላይ ሊደፍነው ያሰበው ሽንቁር ነበር፤ ስልኩን እዚያ ውስጥ ሰካና ጀሶ በጥብጦ ለሰነበት፣ በመለሰኛ ማንካው አስተካክሎ ደጋግሞ አለሰለሰው። ለሳኝ የሚፈራውን ነገር የሚቀብረው እንዲህ ነው።

ማታውን ግድግዳው ጠራ። ሚጣ ናት። ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ታፍኖ ነበር፤ ግን ይሰማል። እናቲቱ ተነሥታ መዳፏን ልስኑ ላይ አደረገች፤ ግድግዳው እጇ ሥር ይንቀጠቀጣል። የሚንሰቀሰቅ ልጅ እንደሚያባብል ሰው እጇን ሳታነሣ ቆመች። ለሳኙ ፊቱን ወደ ወዲያ አዙሮ የተኛ መሰለ። በማግስቱም ጠራ። ከዚያ ባትሪው አልቆ ዝም አለ።

*

ከመጋዘኑ ክፈፍ ሥር፣ ልክ ከጌጦቹ መደዳ መጨረሻ ላይ ካሜራ ተተክሎ ነበር። አንገቱን የሚያዞር ዓይነት ነው። ለሳኙ በዚያ ሲያልፍ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ይጎትታል። አንድ ጠዋት ሥራ ሊገባ ከሚስቱ ኋላ ኋላ ሲወርድ ያላሰበውን አየ። ሚስቱ ደረጃው ራስ ላይ ቆመች፣ ፊቷን ወደ ካሜራው ቀና አደረገች፣ ሻሿን ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ ሄደች።

ማታ ጠየቃት። «እዚያ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የት?»

«ግንባርሽን ገልጠሽ ለዚያ ነገር ታሳዪዋለሽ።»

«ሻሼ ላልቶብኝ ነው፣ የሚጣ አባት።»

«ሁልጊዜ እዚያ ጋ ስትደርሺ ነው የሚላላው?»

«አሮጌ ሻሽ ነዋ። አዲስ ግዛልኝ» ብላ ሳቀችና ወደ ሥራዋ ዞረች። መዋሸቷ ገብቶታል፤ ለምን እንደዋሸች ግን አልገባውም።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ሚስቱ እዚያው ደረጃ ላይ ራሷን አዞራትና ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። ሰው ገና ከቤቱ አልወጣም፤ ከደረጃው ግርጌ ያለው ባለሱቅም ገና በሩን እየከፈተ ነበር። ምን ሆነሽ ሊላት ሲሮጥ አምቡላንስ ቀድሞት መጣ። ወሰዷት፣ መርፌ ወጓት፣ ከሰዓት በእግሯ ተመለሰች።

ሰፈሩ ተደነቀ። «ማን ደወለ?» ተባለ። ባለሱቁ እኔ አይደለሁም አለ። ማንም አይደለም።

ለሳኙ ወደ ጋራዡ ሮጠ። መለከት ነገሩን ሰምቶ ዓይኑን ጨፈነ። «እሷ ሳትጠራ መጡ። አየህ፣ አሁን ትንፋሿን ሳይቀር ይቆጥራሉ። ዛሬ ሊያክሙ መጡ፤ ነገ ሊወስዱ ይመጣሉ። ቤትህ ተመዝግቧል ማለት ነው።»

ለሳኙ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ትክ ብሎ አያት። አልጋው ላይ ጋደም ብላለች፤ በከንፈሯ ጥግ አንድ የደስታ ነገር አለ፤ አንድ ሰው አስታውሶኛል ያለች ሴት ፈገግታ። እሱ ግን ያ ዓይን ምትሐት አዙሮባታል አለ። ከዚህ በኋላ ያደረገውን ሁሉ ያደረገው፣ ሰማይ ይመስክርለት፣ ሊያድናት ብሎ ነው።

ባልዲውን፣ ማንካውን፣ ነጭ ሲሚንቶና ጀሶውን ይዞ በጠራራ ፀሐይ ሄደ። መሰላሉን ከካሜራው ጀርባ አስደገፈ። መሰላል ላይ የወጣ ለሳኝን ማን ቀና ብሎ ያያል? ዕድሜ ልኩን ያቃጠለው ነገር ያን ቀን ጠቀመው። ካሜራው ወደ አደባባዩ ዞሮ ሳለ ከኋላው በጆንያ ጥቅልል አደረገው፣ በሽቦ አሰረው፣ ከዚያ በላዩ ላይ ለሰነ። እጁ የወጣትነቱን ጊዜ አስታወሰ። አድቦለቦለው፣ በእርጥብ ስፖንጅ አሸው፣ አቧራ እፍ አለበት አሮጌ እንዲመስል። ወርዶ ሲያየው ከመደዳው አልለይ አለው። በክፈፉ ሥር አንድ እንቁላል ተጨምሯል፤ ሌላ ምንም የለም። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

በሳምንቱ ውስጥ ሁለት የጥገና ሠራተኞች መኪና አቁመው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ለሳኙ ሱቁ በረንዳ ላይ ቆሞ ያያቸዋል።

«እዚህ ነበር አይደል?» አለ አንደኛው።

«እዚህ ነበር እንጂ። ከነእግሩ ነቅለውታል።»

«ሽቦውንስ?»

«ሽቦውንም በልተውታል። እንግዲህ ሌላ እስኪመጣ ነው።»

ሄዱ። ለሳኙ በሆዱ ሳቀ። ያን ቀን ማንም «አፍርሰህ ድገመው» አላለውም።

ሚስቱ ዓይኗ ከሩቅ አያይላትም። በየጠዋቱ ከደረጃው ራስ ላይ ቆማ፣ ዓይኑ የነበረበትን ቦታ በልምድ ቀና ብላ፣ ሻሿን ፈታ ታስራለች። አንድ ቀን ከኋላዋ ሆኖ አያት። እሱ ለለሰነው ጀሶ ነው ፊቷን የምትሰጠው። «እስቲ አሁን ያንብብሽ» አለ በሆዱ። ደስ አለው። ሰው በገዛ እጁ ቤቱን ሲያፈርስ ደስ የሚለው ጊዜ አለ።

*

አንድ ጠዋት ዝናብ ያካፋ ነበር። ለሳኙ ሥራ ሊወጣ ዕቃውን እየጠራረገ ሳለ ባለሱቁ ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ ሮጦ መጣ።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ። እናታችን…»

ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ግድግዳውን ደገፍ ብላለች። ሻሿን ፈትታ በእጇ ይዛዋለች፤ ጸጉሯ ላይ የዝናብ ጠብታ አለ። ፊቷ ወደ ላይ ነው፣ ወደ ክፈፉ። ባለሱቁ በመዝነቡ አርፍዶ ነው የከፈተው፤ መቼ እንደተቀመጠች አላየም። በጀርባቸው ተሸክመው እስከ ዋናው መንገድ ወሰዷት፣ ከዚያ በታክሲ። ሐኪሙ ብዙ አላወራም። «ትንሽ ቀደም ብትል» አለ፤ ለሳኙን አየና ቀሪውን ተወው።

ቀብሩ ላይ ሚጣ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ከስታ፣ ሴቶች በክንዷ ይዘዋት። አባቷን አቀፈችው። ሰው ሁሉ ሲሄድ ባዶው ቤት ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። እሷ ጓዳ ገብታ ግድግዳው ላይ አዲሱን ልስን አየችና ተመለሰች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ብትቆጣም ተቆጣ።»

«አልቆጣም።»

«እማዬና እኔ እንገናኝ ነበር። ስልኳ ሲጠፋ መሥሪያ ቤቷ ሄድኩና ተነጋገርን። በጠዋት ተረኛዋ እኔ ነኝ። ጥጉ ላይ ስትደርሺ ሻሽሽን ፍቺና እሰሪ፣ ደህና እንደሆንሽ አውቃለሁ አልኳት። ካመመሽ ደግሞ ደረጃው ላይ ቁጭ በይ፣ ሰው እልክልሻለሁ አልኳት። ባለፈው ቁጭ ስትል ያን አምቡላንስ የላክሁት እኔ ነኝ።»

ለሳኙ እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል አስገባ።

«ከዚያ ካሜራው ጠፋ። ሰርቀውታል አሉኝ። በየቀኑ ጮህኩባቸው። ቅዳሜ ሄጄ እነግራታለሁ ብዬ ነበር፣ ተረኛ ሆንኩ። መድኃኒት ቤቱ ጋ ያለውን ሌላ ካሜራ አዞርኩት፤ እሱ ግን ከደረጃው የሚያሳየኝ ትንሽ ነው። እግሯን ብቻ ነበር የማየው። ጫማዋን አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ የገዛሁላት። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። ይበቃኛል እል ነበር።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ ቀጠለች።

«የዚያን ቀን መጣ፣ ቆመ። ሻሿን እያሰረች ነው አልኩ። ቆየ። ዛሬ አላስተካክል አላት አልኩ። አባዬ፣ ሰው ቁጭ ይበል ይቁም በእግሩ ብቻ አይለይም። እኔ እያየኋት ነበር እኮ። ጫማዋን እያየሁ ነው የሞተችው።»

ለሳኙ የሚናገርበት ጊዜ ያ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ ግን ምላሱ ደረቀ፣ ባልዲ ውስጥ እንደቀረ ጀሶ ሆነ።

«ያን ካሜራ የሰረቀውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው» አለች ሚጣ ፊቷን እየጠረገች፣ «ምንም አላደርገውም። እንዲያው ዓይኑን ልየው ነው የምለው።»

በሩ ላይ እንደ ያኔው ቆመች። «አብሬህ ልሁን እንዴ፣ አባዬ?»

ይህን ነበር ሲጠብቅ የኖረው። «ሂጂ፣ ሥራሽ አለ» አላት። ከእሷ ጋር አንድ ጣራ ሥር ውሎ ዓይን ዓይኗን ሊያይ አልቻለማ።

*

ማጽናኛ ፍለጋ መለከት ቤት ሄደ። አዲስ የብረት በር አሠርቷል። ደወሉን ሲጫን ከበሩ ራስ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ዓይን ብልጭ አለች፤ ከዚያ የመለከት ድምፅ ከግድግዳው ውስጥ መጣ።

«አንተ ነህ እንዴ? አየሁህ፣ አየሁህ። ቆይ ይከፈትልሃል።»

ለሳኙ ዓይኗን አየ፣ እሷም አየችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ምን ይደረግ ወንድሜ፣ ሌባ በዛ። ግባ እንጂ።»

ሳይገባ ተመለሰ። አልተናደደም። ለመናደድ እንኳ የቀረ ሰው ያስፈልጋል።

ሲነጋ መሮና መዶሻውን ይዞ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ጥጉ ሄደ። በዚህ ጊዜ ከኋላ አልመጣም። መሰላሉን ፊት ለፊት አስደገፈና ወጣ። ልስኑ ጠንክሯል፤ ጥሩ ሥራ በቀላሉ አይፈርስም። በስሱ፣ ውስጡን እንዳይጎዳ፣ እንደ እንቁላል ቀፎ እየሰበረ አወለቀው። ጆንያውን ቀደደ። መስታወቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቆይቶ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት በራች፣ አንገቱ እያቃሰተ ተንቀሳቀሰ፣ ዞረ፣ ፊቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ለሳኙ መሮውን በአንድ እጅ፣ መዶሻውን በሌላው ይዞ፣ ጸጉሩና ቅንድቡ በነጭ ዱቄት ተሸፍኖ ቆመ። ቆቡን አልጎተተም።

«እኔ ነኝ» አለ።

ባለሱቁ ከታች ሆኖ ያየዋል። ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እሱ እኮ ዓይን እንጂ ጆሮ የለውም» አለው።

«ማየቷ ይበቃል» አለ ለሳኙ።

ቤቱ ገብቶ ጠበቀ። ፖሊስ ይመጣል አለ፤ አልመጣም። ሚጣ መጥታ ትጮህብኛለች አለ፤ አልመጣችም። ቢጮሁበት እንዴት ደስ ባለው። ስለሳቀች ልጁን ያባረረ ሰው፣ ዝምታ ሲያባርረው መድረሻ አጣ።

በየጠዋቱ ደረጃው ራስ ላይ ይቆም ጀመር። ቆቡን ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል። ካሜራው አንዳንዴ ያየዋል፣ አንዳንዴ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ጠዋት ግን ቆቡን እንዳወለቀ እጁ ቀረ። ይህ ምልክት ደህና ነኝ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ደህና አይደለም። በሞት ላይ አንዴ የዋሸ ሰው ሌላ ውሸት በቃኝ ማለት አለበት። ወረደና ሚስቱ የተቀመጠችበት ደረጃ ላይ፣ እንደሷ ግድግዳውን ደገፍ ብሎ ቁጭ አለ። ፊቱን ወደ ላይ አደረገ።

ካሜራው ዞረ። አየው። ብዙ ቆየ።

ከዚያ የአምቡላንሱ ድምፅ ከዋናው መንገድ በኩል ተሰማ። ለሳኙ ወደ መንገዱ ዞረ፤ ሚጣ አብራ ትመጣለች አለ። በሩ ተከፈተ። የወረደው ግን አንድ የሕክምና ባለሙያ ብቻ ነበር፤ ጎልማሳ፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት ያለው።

«አባቴ፣ ምንዎን ነው ያመመዎት? ጣትዎን ይስጡኝ።» ትንሽ መቆንጠጫ የምትመስል ማሽን አወጣ።

ለሳኙ እጁን ሸሸገ። «እኔን ማሽን አያነበኝም።»

«ይቺ ታነባለች። ልብዎን እንጂ የጣትዎን አሻራ አትፈልገውም።»

ጣቱ ላይ አደረገለት። ማሽኗ አረንጓዴ በራች። ሰውየው ቁጥሩን አየ፣ ግፊቱን ለካ፣ ዓይኑን ገልጦ አየ። «ደህና ነዎት» አለ። «ምንም የለብዎትም።»

«ማን ነው የጠራችሁ?»

«ከመቆጣጠሪያ ክፍል ተደውሎ ነው።»

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት።»

«ምን አለች?»

ባለሙያው ዕቃውን እየሰበሰበ ለማስታወስ ሞከረ። «ምን ትላለች፤ ‹ጥጉ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፣ እዩልኝ› ነው ያለችው።»

«አንድ ሽማግሌ?»

«አዎ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ትበል፣ አባቴ?»

ቤትዎ ላድርስዎ ቢለው እምቢ አለ። መኪናው ድምፁን አጥፍቶ ሄደ። ለሳኙ ቀና አለ። ካሜራው አንገቱን አዙሮ አደባባዩን ያያል፤ መኪናውን፣ አላፊ አግዳሚውን፣ ሰውን ሁሉ።

ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። የሚያየው ባይኖርም ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገ። ደህና ነህ ተብሏልና።